ከፊት ማን ይቀመጣል

ባሌ ሙሉነህ ፈሪ ነው። ይህን ስል ላማው አይደለም፤ ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ያለን ሐበሾች ሁሉ የምናውቀው ነገር ነው። ከቤት ሲወጣ ምድጃው መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ያያል። ምግብ ቤት ስንገባ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። የሚፈረም ወረቀት ከቀረበለት፣ የቤት ኪራይ ውልም ይሁን የፖስታ ቤት ደረሰኝ፣ እንደ ዳዊት ደጋግሞ ሳያነበው ብዕር አያነሳም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የሰው ስም አለመጥራቱ ነበር። የሥራ ማመልከቻ ሲሞላ «ሬፈረንስ» የሚለውን፣ ስለ እሱ የሚመሰክሩ ሰዎች ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ኢቶቢኮ የሚሠራበት መጋዘን ውስጥ አንድ ቀን በአንድ ፓሌት፣ በእንጨት መደብ ላይ፣ የተደረደረ ብርጭቆ ሁሉ ወድቆ ደቀቀ። አለቃው «ማነው የጣለው?» ብሎ ሲጮህ ሙሉነህ «እኔ ነኝ» አለ። እሱ አልነበረም። በዚያ ሰዓት ምሳውን እየበላ ነበር። ለሦስት ቀን ከሥራ አገዱት። እቤት መጥቶ ሲነግረኝ ጨርቄን ልጥል ደረስኩ።

«የጣለውን አይተኸዋል?» አልኩት።

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ነካህ?»

«የሰው ስም ከአፌ ከሚወጣ ጥርሴ ቢወጣ ይሻለኛል» አለኝ።

እኔም ሞኟ ጨዋነት መስሎኝ ኮራሁበት። ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁለት።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1996 መጋቢት ውስጥ ነው። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከእህቴ ጋር በስልክ ስጨቃጨቅ ከኋላዬ «ኧረ ተይ፣ ቀስ በይ» የሚል ጥርት ያለ አማርኛ ሰማሁ። ዞር ብል አዲሷ ነርስ ናት፤ ሱኒታ የምትባል ህንዳዊት። ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«ደሴ ነው ያደግሁት» አለችኝ እየሳቀች። «ሰባት ዓመት እስኪሆነኝ። አባቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ሚስተር ኔጊ።»

ባሌም የደሴ ልጅ ነው። ያን ቀን ሥራዬን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። እቤት ገብቼ ጃኬቴን ሳላወልቅ «ሚስተር ኔጊ የሚባል አስተማሪ ታውቃለህ?» አልኩት። ሙሉነህ ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። ቢላውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ሞተ?» አለኝ።

«ምን ያስሞተዋል! ልጁ እኛ ጋ ነርስ ናት። እሱ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገብቷል፤ ሂማላያ ተራራ ላይ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። የደስታ ድንጋጤ ነው አልኩ። ያ ሁሉ እንባ የሽንኩርቱ ነው አልኩ። ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር ላለማየት ሰበብ አያጣም።

ሱኒታ ለአባቷ ስለ ሙሉነህ ጽፋ ኖሮ በሁለት ወሩ መልስ መጣ። በፊደላችን የተጻፈ ነበር፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን አንድም ሆሄ ሳይስት። «ሙሉነህ በሕይወት አለ? ይምጣ። ልየው።» ሌላ ቃል የለበትም። ሙሉነህ ወረቀቱን አንብቦ አጠፈው፣ ዘረጋው፣ መልሶ አጠፈው። «ልየው» በምትለዋ ላይ አውራ ጣቱን ጭኖ ብዙ ቆየ።

የሚስተር ኔጊ ከተማ ላንስዳውን ይባላል። በሰሜን ህንድ፣ ሂማላያ መጀመር ላይ፣ ጥድና የባሉጥ ዛፍ መሃል የተቀመጠች ጸጥ ያለች የተራራ ከተማ ናት፤ ጡረተኛ ወታደሮችና ዝንጀሮዎች ይኖሩባታል ትላለች ሱኒታ። እኛም ቶሮንቶ ውስጥ ብሉር መስመር ላይ ላንስዳውን የሚባል የሳብዌይ፣ የምድር ውስጥ ባቡር፣ ጣቢያ ስላለን ጓደኞቻችን መሳለቂያ አደረጉን። «ላንስዳውን ለመሄድ ቪዛ ምን ያደርጋል? ቶከን ጨምራችሁ ግቡ እንጂ!» እያሉ።

እኔ ከአገር ወጥቼ ካናዳ ከገባሁ ጀምሮ ከናያግራ ፏፏቴ አልፌ አላውቅም። ስለዚህ ነገሩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ያለፈውን ዓመት የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር ገልብጬ ጀርባው ላይ ዕቅድ አወጣሁና ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት፤ ግልባጩን ለሱኒታ ሰጠኋት። ጊዜው ጥቅምት፤ እዚያ ዝናቡ የሚያቆመው ያኔ ነው። ከዴልሂ በማለዳ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይቶ መነሳት። ሜሩት ላይ ቁርስ። ከዚያ ቢጅኖር፣ ናጂባባድ፣ ኮትድዋር። ኮትድዋር ሜዳው የሚያልቅበት ነው፤ ከዚያ በላይ አርባ ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ዳገት። ሁለት ሌሊት አድሮ መመለስ። ግርጌው ላይ የመቀመጫውን ነገር ጻፍኩ። «ከፊት፦ እንቁ። ከኋላ፦ ሙሉነህ።» ይህን የጻፍኩት እሱ ራሱ ስለለመነኝ ነው። «ከኋላ መሃል ላይ ተቀምጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ደረስን በይኝ» አለ።

ከዚያ ፍርሃቱ በየቀኑ አዲስ ልብስ እየለበሰ ይመጣ ጀመር። ሰኞ ፍሬን ነው፦ «የዚያ አገር መኪና ፍሬን ይይዛል ብለሽ ነው?» ረቡዕ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት በዚያ አካባቢ ደርሶ ብዙ ሰው መግደሉን ከላይብረሪ ጋዜጣ ኮፒ አድርጎ አመጣልኝ። ቅዳሜ ነብር። «ከጫካ ወጥቶ ሰው ይወስዳል» አለኝ። «ሌላው ቢቀር ከፍታው ልቤን ያቆመዋል» ሲለኝ እኔም ላይብረሪ ሄድኩ። ላንስዳውን ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል፤ ከደሴማ በጣም ዝቅ ይላል። ይህን በትልቁ ጽፌ ዕቅዱ ጎን ለጠፍኩለት። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ አልስቅበትም ነበር። የሚፈራው መንገዱን አልነበረም። መንገዱ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀውን ሰው ነበር። አስተማሪው ሳይሞት ፊቱ መቆም አለበት፤ ፊቱ ከመቆም ደግሞ ሞት ይቀለዋል። ከመጋቢት እስከ መስከረም በዚህ መሃል ሲፈጭ ከረመ። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ በቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ በሚስማር በሳ።

መስከረም ሲገባ ለቪዛ ፓስፖርቶቻችንን ብፈልግ የእኔ የለም። መሳቢያውን ገለበጥኩ፣ ፍራሽ አነሳሁ፣ የቆሻሻ ቅርጫት ሳይቀር በረበርኩ። ሙሉነህ አብሮኝ ይፈልጋል፤ አልጋ ሥር እየገባ ይወጣል። በሦስተኛው ቀን በረዶው ሳይመጣ ልጥረግለት ብዬ የሥራ ቦት ጫማውን ሳነሳ አንዱ ከበደኝ። እጄን ብሰድ ፓስፖርቴ በካልሲ ተጠቅልሎ ጣቱ ጋ ተወሽቋል።

ከሥራ ሲመለስ ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁት። ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር። እንደኔ ያለች ምላሰኛ ስትዘጋጅ ደግሞ ምን እንደሚመስል እሱ ያውቃል። ፓስፖርቱን ሲያየው ግን ከነጃኬቱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እንቁ» አለኝ፣ «እኔ ነኝ ያስያዝኩት።»

«ማንን?»

«እሱን።»

ከዚያ ነገረኝ። 1970 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ሙሉነህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ ስሙ ከሚፈለጉት ተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። የሚገባበት ቤት ሲያጣ የሚስተር ኔጊን በር አንኳኳ። ሚስተር ኔጊ ምንም አልጠየቀውም። የጤፍና የሩዝ ጆንያ ከሚቀመጥባት ጓዳ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ደበቀው። ሚስትየዋ ምግቡን የምታቀብለው ልጆቹ ሲተኙ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእናቱ ናፍቆት አላስችል ብሎት ወጣ፤ ሁለት ጎዳና ሳይሻገር ተያዘ። ገልብጠው ውስጥ እግሩን ገረፉት። አንድ ቀን ቻለ፣ ሁለት ቀን ቻለ። በሦስተኛው ቀን «ማን ቤት ነበርክ?» ሲሉት ተናገረ። ጽፈው አቀረቡለትና ፈረመ።

«ሳላነበው ነው የፈረምኩት» አለኝ። «ያንን ወረቀት አላነበብኩትም።»

ሚስተር ኔጊን እዚያው ቀን ወሰዱት። ሃያ ስድስት ቀን አስረው አንድ ሻንጣ አስይዘው ከነቤተሰቡ ከአገር አስወጡት። ሙሉነህ በስድስተኛው ወር ተፈታ፤ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ ካናዳ።

እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ ያዘንኩት ለእሱ አልነበረም። ፈራሁ። ምሳዬን በየቀኑ የምበላው ከማን ጋር ነው? ሱኒታ ከሣህኔ ላይ ድንች እያነሳች ስትስቅ ታየኝ። አውቃ ይሆን? አባቷ «ልየው» ያለው ምን ሊያደርገው ነው? በማግስቱ ሥራ ስገባ በምድር ቤቱ ደረጃ ዞሬ ገባሁ፣ እሷን ላለማግኘት። ፍርሃት ይጋባል። አሥራ ሁለት ዓመት በባሌ ሳሾፍ የኖርኩት ሴትዮ ሳምንት ሳይሞላኝ በር ሲንኳኳ የምደነግጥ ሆንኩ።

«ካንስል እናድርገው» አለኝ ሙሉነህ። «በቃ፣ ታመመ በይልኝ።»

አፌ «እሺ» ሊል ነበር። ግን ሚስተር ኔጊ ሰባ አንድ ዓመት የሞላው ሰውዬ ነው፤ ሱኒታ ስለ ልቡ መድኃኒት ስታወራ ሰምቻለሁ። ቢሞት ባሌ ዕድሜ ልኩን ምድጃ እየነካካ ሊኖር ነው። «ሽማግሌ እንልካለን» አልኩት።

«የት? ሂማላያ?»

«ሂማላያ።»

ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ ሽማግሌ ሲባል ጋሼ ፀጋዬ ናቸው። አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። በሕንፃችን ያልታረቀ ባልና ሚስት ካለ እሳቸው ያልሰሙት ነው። ነገሩን ከሥር እስከ ላይ ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ያለ ሽማግሌ ዘው ብሎ የሰው ደጅ መግባት ሁለተኛ በደል ነው» አሉ። «እኔ በዚህ ጉልበቴ ተራራ አልወጣም። ስልኩ ይሂድልኝ።»

«ድንጋይስ ልሸከም ጋሼ?» አላቸው ሙሉነህ። አልቀለደም። በአገራችን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነውና በተበዳይ እግር ሥር የሚወድቀው።

«ሂማላያ ድንጋይ ጠፍቶ ከቶሮንቶ ትጭናለህ? ይልቅ ቅዳሜ ጠዋት ጸጉርህን ተስተካክለህ ጠብቀኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ፀጋዬ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ በላዩ ነጠላ ጣል አድርገው አሥራ ሰባተኛ ፎቅ እኛ ቤት ድረስ መጡ። እዚያ አገር ሲመሽ ነው፤ እራት ሳይበላ እንድረስ ብለን ነው ሰዓቱን የመረጥነው። ወንበር ሳብኩላቸው። እምቢ አሉ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ ተበዳዩ «ተቀመጡ» ካለ ልመናውን ሊሰማ ነው፣ ካላለ በመጣበት ይመለሳል። ለስልክም ቢሆን ሥርዓቱ አይጓደልም ብለው የስልካችን ጠረጴዛ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ሙሉነህ ከኋላቸው ቆመ። እኔ ኮሊንግ ካርዱን፣ ውጭ አገር መደወያውን፣ ፍቄ ቁጥሩን መታሁና ስፒከሩን ከፈትኩ። ጣቴ ሁለት ጊዜ ሳተ።

ጠራ። ጠራ። ተነሳ።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር» አሉ ጋሼ። «ፀጋዬ እባላለሁ። ከካናዳ ነው። እርስዎ ዘንድ ሽማግሌ ሆኜ መጥቻለሁ።»

መስመሩ ይንኮሻኮሻል። ከሩቅ ውሻ ሲጮህ ይሰማል።

«ሽማግሌ» አለ በመጨረሻ የአረጋዊ ድምፅ፣ በቀስታ። «ይህን ቃል ከሰማሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ።» ከዚያ «ቆመዋል?» አለ።

ጋሼ ፀጋዬ ዞር ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ቆሜያለሁ፣ መምህር።»

«እሱስ?»

«እሱም ቆሟል። አንድ ልጅ በድሎዎታል። ስሙ...»

«ስሙን እሱ ይናገር።»

ሙሉነህን አየሁት። ላብ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ወደ ጠረጴዛው ቀርቦ ጫፉን በሁለት እጁ ጨብጧል። አሁን ስልኩን ይዘጋዋል ብዬ በልቤ «እመቤቴ፣ አደራሽን» አልኩ።

«ሙሉነህ ነኝ፣ መምህር» አለ። «ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ያኔውኑ ወረቀቱን አሳይተውኛል። ፊርማህን አልስተውም፤ ደብተርህን አራት ዓመት አርሜያለሁ።»

ኮሊንግ ካርዱ ደቂቃውን እየበላ ነው።

«አቶ ፀጋዬ» አለ ሚስተር ኔጊ፣ «እርስዎ ይቀመጡ። እሱ ይቁም።»

ጋሼ ፀጋዬ እንደ ሕፃን ታዘው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«በስልክ አልመልስም» አለ። «ይምጣና ፊቱን እያየሁ እመልሳለሁ። ምን እንደምለው አሁን አልናገርም። ልጄ ምንም አታውቅም፤ ኮንትራቴ አልቆ የተመለስን ነው የሚመስላት። እንዳትነግሯት። ሌላ ደግሞ፣ ሚስትህ ያወጣችውን ዕቅድ ሱኒታ ልካልኛለች። ጥሩ ነው፤ ግን ከኮትድዋር በላይ ሹፌር አያስፈልግም። እዚያ ወርጄ እጠብቃችኋለሁ። ዳገቱን እኔ ነኝ የምነዳው።»

«እሺ፣ መምህር» አለ ሙሉነህ። ድምፁ ለእኔ እንኳ በደንብ አልተሰማኝም።

«አንድ ነገር እወቁ። የግራ ጆሮዬ ከእስር ቤቱ ወዲህ አይሰማም። በእኛ አገር መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ ከፊት የሚቀመጥ ሰው በዚያ ጆሮዬ በኩል ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከፊት የሚቀመጠው ጮክ ብሎ ይናገር።»

ስልኩ ተዘጋ።

ጋሼ ፀጋዬ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «የመጀመሪያው ቀን ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚመለሰው» አሉ። «ሰውዬው ወጋችንን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።» እኔ ግን ስለ ወጉ አላሰብኩም። አርባ ኪሎ ሜትር፣ በአንድ በኩል ገደል፣ መሪውን የያዘው ደግሞ ባሌ ያስያዘው ሰው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ሙሉነህን «እንቅር» ልለው አፌን ከፈትኩ። ሙሉነህ ይሙት ብዬ ምዬ እናገራለሁ፣ ያን ጊዜ ከእሱ ይልቅ የፈራሁት እኔ ነበርኩ።

ሙሉነህ አልተቀመጠም። ወደ ፍሪጁ ሄደ። ዕቅዱ ፊት ቆሞ ከላይ ጀምሮ አነበበው፤ ዴልሂ፣ ሜሩት፣ ቢጅኖር፣ ናጂባባድ፣ ኮትድዋር። እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ በገመድ ያንጠለጠልኩትን ብዕር ይዞ ጎንበስ አለ። «ከፊት» ከሚለው ጎን ስሜን ሰርዞ የራሱን ጻፈ።

«ከፊት እኔ ነኝ» አለ በሹክሹክታ።

ሰምቼዋለሁ። ቢሆንም «አልሰማሁህም» አልኩት።

«ከፊት እኔ ነኝ።»

«አሁንም አልሰማሁህም።»

ዞሮ አየኝ። ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤታችን ከወዲያ ሆኖ ግድግዳውን ደበደበ።

«እንደሱ» አልኩት፤ «ልክ እንደሱ ነው የምትነግረው።»